ጀርባው ከቆዳው አይነሣ፦ ምላጭ በቆዳ ላይ ስለማመላለስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ከስድስት ሳምንት በፊት በጀርመን ዞሊንገን ከተማ የተሠራ፣ ስፋቱ 5/8 ኢንች የሆነ ተጣጣፊ ምላጭ ገዛሁ። ሻጩ ስሎ ነው የላከልኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ስላጭበት ፊቴ ላይ መኖሩ እንኳ አልተሰማኝም። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ጢሜን መንጨት ጀመረ። በየጠዋቱ በር ላይ በሰቀልኩት ቆዳ ሃምሳ ጊዜ አመላልሰዋለሁ፤ በፊልም እንደማያቸው ፀጉር አስተካካዮች ለመፍጠንም እሞክራለሁ። ባመላለስኩት ቁጥር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ቆዳውንም ሁለት ቦታ ቆርጬዋለሁ። ምላጩ ጥራት የለውም ማለት ነው? ወይስ ቆዳው ነው ችግሩ? በድንጋይ መሳል ልማር?»

ወንድሜ፣ ምላጩም፣ ስለቱን የሚያለዝቡበት ቆዳም ደኅና ናቸው። ስለቱን እያደነዘዘው ያለው እጅዎ ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ይህን ሥራ የተማርን ሁሉ የገባነው በዚያው በር ነው። መልሱን ያገኘሁትም ከራስዎ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ባመላለስኩት ቁጥር ይብስበታል» ብለዋል። ምንም ያልተቀባ ንጹሕ ቆዳ ብረት የመብላት ዐቅም የለውም ማለት ይቻላል። በትክክል የተመላለሰ ምላጭ ቢያንስ በነበረበት ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሻሻላል። በየቀኑ እየባሰበት ከሄደ ስለቱ ቆዳው ላይ በጎኑ መተኛቱ ቀርቶ በአፉ እየተደፋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ድንጋይ ለመግዛት አይቸኩሉ። የሚቀድም ትምህርት አለ።

እኔም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አዲስ አበባ ፀጉር አስተካካይ ሆኜ ስጀምር የማውቀው ምላጭ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣውን፣ ለሁለት ተሰብሮ መያዣ ውስጥ የሚገባውን ስስ ምላጭ ነበር። ያ ምላጭ አይሳልም፤ ሲደነዝዝ ይጣላል። እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን ሙሉ ምላጭ ያወቅኩት ጀርመን አገር መጥቼ ኮሎኝ ከተማ አንድ የቆየ ፀጉር ቤት ስቀጠር ነው። ባለቤቱ አዛውንት የመጀመሪያውን ወር ምላጭ አላስነኩኝም። የሰጡኝ ዳቦ ላይ ቅቤ የሚቀባበትን የጠረጴዛ ቢላ ነበር። ሥራ ከማለቁ በፊት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያንን ቢላ በአሮጌ ቆዳ ላይ አመላልስ ነበር። በጊዜው ተቀይሜያቸዋለሁ፤ ዓመታት ያስቆጠርኩ ባለሙያ ነኝ ብዬ አምን ነበርና። ዛሬ ለእርስዎ የምነግርዎ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ ቢላ ነው።

የብረቱን ነገር በአጭሩ ልዝጋው። ዞሊንገን ከኮሎኝ ብዙም የማይርቅ የብረት ሠሪዎች ከተማ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ቢላና ምላጭ ሊጻፍበት አይገባም። የእርስዎ ምላጭ ላይ ያለው ጽሑፍ እውነተኛ ከሆነ፣ ሁለት ጊዜም እንደተናገሩት ያለ ችግር ከላጨ፣ ብረቱን መጠርጠር አያስፈልግም። መጥፎ ብረት ያንን የመሰለ ስለት አንድ ቀንም አይዝም።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የወጥ ቤት ቢላ ስንስል ማዕዘኑን የሚጠብቀው እጃችን ነው። ምላጭ ግን ማዕዘኑን በራሱ አካል ይዞ ነው የሚሠራው። ጀርባው ወፍራም ነው፣ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፣ ስለቱ ደግሞ እጅግ ስስ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲያስተኙት የሚነካው በሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በጀርባውና በስለቱ። የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ተጋግዘው ማዕዘኑን ይወስኑታል። በአብዛኞቹ ምላጮች የሁለቱ ጎን ድምር ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይሆናል። ይህን ማዕዘን ዞሊንገን ያለው ሠራተኛ ወስኖልዎታል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው አለማበላሸት ብቻ ነው። ጀርባው ቆዳው ላይ እስካለ ድረስ ማዕዘኑ ሊሳሳት አይችልም። ጀርባው የአንድ ፀጉር ያህል በተነሣበት ቅጽበት ግን ስለቱ ብቻውን ለስላሳው ቆዳ ውስጥ ይሰምጣል፤ ቆዳውም በስለቱ አፍ ላይ ይጠቀለልና ያዶለዱመዋል።

ምን ያህል ስስ ነገር እንደያዙ ቢያስቡት እጅዎ በራሱ ይለዝባል። አንድ የጢም ፀጉር ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። በደንብ የተሳለ ምላጭ የስለቱ አፍ ከአንድ ማይክሮን ያንሳል፤ ይኸውም ከፀጉሩ መቶ ጊዜ የሚሳሳ ነው። ይህን ያህል የሳሳ ብረት ይታጠፋል፣ እርጥበት ያዝገዋል፣ የሳሙናና የቆዳ ቅሪት ይጣበቅበታል። ቆዳው የሚሠራው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የተጣመመውን ያቃናል፣ የተጣበቀውን ይጠርጋል፣ ያደርቃል። ከዚህ ያለፈ ተአምር አይጠብቁበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከብረት ሃምሳ ጊዜ ያህል የሚለሰልሰው ፀጉር የምላጭን ስለት እንዴት እንደሚሸርፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። የመረመሩት ተላጭተው የሚጣሉ ምላጮችን ነበር። ፀጉሩ ጎንበስ ብሎ፣ ብረቱም ወጥ ባልሆነበት ቦታ ሲገናኙ ጥቃቅን ስባሪ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ስባሪ ቆዳ አይመልሰውም፤ ድንጋይ ነው የሚመልሰው። ነገር ግን ያ ጉዳት ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ የታየው መንጨት ከጢም የመጣ አይደለም።

ታዲያ ጀርባው የሚነሣው የት ነው? መንገድ ላይ እምብዛም አይነሣም። የሚነሣው መታጠፊያው ላይ ነው። ምላጩ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲሄድ ጀርባው ይመራል፣ ስለቱ ይከተላል። ዳር ሲደርሱ አቅጣጫው ይለወጣል፤ እንደገና ጀርባው እንዲመራ ምላጩ መገልበጥ አለበት። ጀማሪ በዚህች ቅጽበት ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ያደርጋል፤ እየገለበጠ መመለስ ይጀምራል። ምላጩ ገና ግማሽ መንገድ ሳይዞር እጁ ወደ ኋላ ስለጎተተው ስለቱ በአፉ ወደ ፊት ይሄዳል። ያኔ ወይ ቆዳው ይቆረጣል ወይ ስለቱ ይታጠፋል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ይሆናሉ።

እስቲ ቆዳዎን አውርደው ይመልከቱት። ሁለቱ ቁርጦች ወደ ዳር ተጠግተው፣ ምላጩ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከሆኑ የነገርኩዎት ነገር በትክክል ደርሷል። መሐል ላይ ከሆኑ ደግሞ ጥፋቱ የቆዳው መርገብ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መድኃኒቱ መቆም ነው። ዳር ሲደርሱ ይቁሙ፤ እንቅስቃሴው ሙሉ በሙሉ ይሙት። ከዚያ ጀርባውን ቆዳው ላይ እንዳለ ትተው ምላጩን በጀርባው ላይ ያንከባሉት። ስለቱ ከቆዳው ይነሣል፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ በሌላው ወገን ቀስ ብሎ ይተኛል። ሲተኛ ለአፍታ ይጠብቁ። ከዚያ ብቻ ይመለሱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጀርባው ከቆዳው ለቅጽበት እንኳ አልተለየም። ጉዞ፣ መቆም፣ መገልበጥ፣ ጉዞ። እነዚህ ተለያይተው እስኪቆጠሩ ድረስ ዝግ ማለት አለብዎ። ፍጥነቱ በኋላ ሳይጠሩት ይመጣል። ባይመጣም ምንም አይጎድልብዎትም፤ በሰከንድ ሦስቴ የተመላለሰ ምላጭ በሦስት ሰከንድ አንዴ ከተመላለሰው የተሻለ አይላጭም። በፊልም የሚያዩት ሰው በእውነት ባለሙያ ከሆነ በየቀኑ ለብዙ ደንበኞች ሲያመላልስ የኖረ ነው። ፍጥነቱን ያመጣው የሰልፉ ብዛት ነው፤ ለስለቱ የሚጨምርለት ነገር የለም።

መገልበጡን የሚያደርገው የእጅ አንጓ አይደለም፣ ጣት ነው። የምላጩን አንገት፣ ማለትም በስለቱና በእጀታው መካከል ያለውን ጠባብ ብረት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙት። እጀታው ከምላጩ ጋር ቀጥ ብሎ ይዘርጋ። አሁን እርሳስ በሁለት ጣት መካከል እንደሚያሽከረክሩ አንገቱን ያሽከርክሩት፤ ምላጩና እጀታው አብረው ይዞራሉ፣ አንጓዎ ግን ባለበት ይቆያል። አንጓውን የሚጠመዝዝ ሰው ሳያውቀው ክንዱን ያነሣል፤ ክንዱ ሲነሣ ጀርባው ይነሣል። ይህችን ነገር ምላጩ ሳይኖር፣ ሻይ እየጠጡም ቢሆን፣ በእርሳስ መቶ ጊዜ ይለማመዷት። ከቁም ነገር የማይቆጠር ልምምድ ሊመስልዎ ይችላል፤ እኔ ግን ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል ፈጥነው የገባቸው እርሳሱን ያልናቁት ናቸው።

የቆዳው ውጥረት ሁለተኛው ምክንያት ነው። የተሰቀለ ቆዳ ሲረግብ መሐሉ ይሰረጉዳል። ምላጩ እዚያ ሲደርስ ቆዳው በጀርባው በኩል ዝቅ ይልና በስለቱ በኩል ወደ ላይ ይጠመጠማል። ጀርባውን ባያነሡም እንኳ ቆዳው ራሱ ወደ ስለቱ አፍ ይመጣል፤ ውጤቱ ያው መዶልዶም ነው። ስለዚህ የቆዳውን ጫፍ በሌላው እጅዎ ይዘው ክንድዎን ወደ ጎንዎ አስጠግተው ወጠር ያድርጉት። እንደ ከበሮ ጠፍር አይወጠር፤ ምላጩ ሲያርፍበት ግን ለዓይን የሚታይ ስርጉድ እንዳይኖር። ብዙ ሰው ሲጀምር ይወጥረውና ከሃያኛው ምልልስ በኋላ ክንዱ ሲደክም ያረግበዋል። ክንድዎ ከደከመ ያቁሙ። የደከመ እጅ የሚጨምራቸው ሠላሳ ምልልሶች የቀደሙትን ሃያዎቹን ያጠፏቸዋል።

ክብደት መጫንን በተመለከተ መጠኑን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። «ቀለል አድርገህ ያዝ» ስል ተማሪው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ይጫናል። በመጨረሻ ያገኘሁት ዘዴ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ቆዳውን ሳንቃ ላይ አንጥፈው ሳንቃውን ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ምላጩን ብቻውን ያስቀምጡና ቁጥሩን ያንብቡ። አሁን ምላጩን ይዘው በዝግታ ያመላልሱ፤ ቁጥሩ ካነበቡት ብዙ መራቅ የለበትም። የመጀመሪያ ቀን ሲያዩት ይደነግጣሉ። ቆዳው የሚፈልገው ምላጩ ሳይንሳፈፍ እንዲነካው ብቻ ነው። ይህ ሲሆን ስስ፣ ወጥ፣ ከዳር እስከ ዳር የማይለዋወጥ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ መሐል ላይ ከጠፋ ምላጩ ለቅቋል፤ መጨረሻው ላይ ከጠነከረ ተጭነዋል። ጆሮዎ ከዓይንዎ ቀድሞ ይማራል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያድርጉ? ምላጩን ያስቀምጡት። ለሁለት ሳምንት በሌላ ነገር ይላጩ። የተሰቀለውን ቆዳ ያውርዱና ሰፋ ባለ ቀጥ ያለ ሳንቃ ላይ በሁለቱ ጫፍ አጥብቀው ይሰሩት፤ በዚህ የውጥረቱን ጣጣ ለጊዜው ከላይዎ ያወርዱታል። ስለት የሌለው የጠረጴዛ ቢላ ይውሰዱ፤ ቢላው ጠፍጣፋ ስለሆነ ጀርባውና አፉ ሁለቱም መንካታቸውን በቀላሉ ያያሉ። በየቀኑ ሃያ ምልልስ ብቻ፣ እያንዳንዱን እየቆሙ። አንድ ምልልስ የምለው ደርሶ መልሱን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ሃያውን ያለ አንድ ስሕተት ከጨረሱ ሁለተኛውን ሳምንት ቆዳውን መልሰው ይስቀሉትና በዚያው ቢላ ውጥረቱን ይለማመዱ። ምላጩን የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ረጅም ከመሰለዎ ስድስት ሳምንት ሲነጭዎ እንደከረመ ያስታውሱ።

ምላጩን ሲያነሡ አንድ የሚጨመር እንቅስቃሴ አለ። የምላጩ ርዝመት ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ብዙ ቆዳዎች ደግሞ ከዚያ ይጠባሉ። በቀጥታ ቢስቡት ወይ የሥሩ ወይ የጫፉ ክፍል ከቆዳው ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሲጀምሩ በአንገቱ በኩል ያለው ሥር ቆዳው ላይ ይሁን፤ እየሄዱ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይሳቡት፣ ዳር ሲደርሱ ጫፉ ቆዳው ላይ ይሁን። ሲመለሱም እንደዚሁ። ሁለቱ መንገዶች መስቀለኛ ይሠራሉ። ቆዳዎ ሰፊ ቢሆንም ይህን ልማድ ይያዙት፤ የምላጩ እያንዳንዱ ክፍል እኩል ይነካል፣ ቆዳውም መሐል መሐሉ ብቻ አይበላም። የእርስዎ ምላጭ ስለቱ ቀጥ ያለ ይመስለኛል። ስለቱ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ አሮጌ ምላጭ የገዛ ሰው ካለ ግን ከዚህ በተጨማሪ አንገቱን በጥቂቱ እያዘነበለ ጉብታውን መከተል ይኖርበታል። ለመማር የሚመች ምላጭ አይደለም።

ቆዳዎ ከጀርባው ሸራ ካለው ሥራው የሚጀምረው ከሸራው ነው። ሸራው ቆሻሻውን ይጠርጋል፣ ቆዳው ያለዝባል። ከመላጨትዎ በፊት ሃያ ወይም ሠላሳ ምልልስ በሸራው፣ ከዚያ ሃምሳ ወይም ስድሳ በቆዳው ይበቃል። ሸራው ላይ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ አይጎዳም። ተላጭተው ሲጨርሱ ምላጩን አጥበው በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁትና ዐሥር ያህል በሸራው ብቻ አመላልሰው ያስቀምጡት። ይህ የመጨረሻው እርጥበቱን ለማውጣት ነው። የእነዚህ ምላጮች ብረት አብዛኛው የሚዝግ ዓይነት ነው፤ ስለቱ አፍ ላይ የቀረች ለዓይን የማትታይ ጠብታ በአንድ ሌሊት ብዙ ታበላሻለች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አያስቀምጡት።

ስለ ቁርጦቹ አይጨነቁ። ጣትዎን ቁርጡ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፉት። ምንም ብቅ ያለ ነገር ካልተሰማዎ እንዳለ ይተዉት፤ የማይነሣ ቁርጥ ምላጩን አይጎዳም። የተነሣ ከንፈር ካለው በ400 ወይም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በደረቁ በዝግታ ያስተካክሉትና ዱቄቱን ይጥረጉት። ቁርጡ ወደ ጎን ገብቶ እንደ ክዳን የሚከፈት ከሆነ ጫማ ሠሪዎች በሚጠቀሙበት ማጣበቂያ በስሱ ለጥፈው፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት አድሮ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀቱ ያንኑ ያድርጉ። ቆዳውን ሙሉ ለሙሉ አቋርጦ በጥልቀት የሄደ ከሆነ ግን አዲስ ይግዙ። የመጀመሪያው ቆዳ ርካሽ ይሁን የምለው ለዚህ ነው፤ ከፈረስ ዳሌ የሚወጣው ውድ ቆዳ የሚገዛው እጅ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

የቆዳው እንክብካቤ ቀላል ነው። ከመጀመርዎ በፊት ንጹሕና ደረቅ መዳፍዎን ከላይ እስከ ታች ዐሥር ጊዜ ያህል አጥብቀው ያሹበት። የእጅዎ ሙቀትና ተፈጥሯዊ ቅባት ቆዳው የሚፈልገው መኖ ነው፤ አቧራውንም ያነሣል። በየወራቱ አንዴ፣ ቆዳው ደርቆ ምላጩ የሚንሸራተትበት ከሆነ፣ ለቆዳ ዕቃ የሚሠራ ቅባት በጣት ጫፍ በጣም በጥቂቱ። ቅቤም የምግብ ዘይትም አይቀቡት፤ ያበሰብሱታል፣ ሽታውም ፊትዎ ድረስ ይመጣል። አያጥፉት፤ ሁልጊዜ ተሰቅሎ ይዋል።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ አንድ ቃል ልጨምር። ይህን ቆዳ ከውጭ ማስመጣት ግዴታ አይደለም። በዛፍ ቅርፊት የተለፋ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ጠባሳ የሌለው የበሬ ቆዳ፣ መርካቶ የጫማ ቆዳ ከሚሸጥበት ብትፈልጉ ትደርሱበታላችሁ። ስፋቱ ሰባት፣ ርዝመቱ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የበግና የፍየል ቆዳችን በዓለም ገበያ የታወቀ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ስስና የሚለጠጥ ስለሆነ ስለቱ ላይ ይጠቀለላል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ምላጩ አሁን በቆዳ ብቻ የሚመለስ ነው ወይስ ድንጋይ ያስፈልገዋል? ከሁለቱ ሳምንት በኋላ ጠንካራ መብራት ሥር ስለቱን ወደ ላይ አድርገው በቀጥታ ይመልከቱት። የተሳለ ስለት ብርሃን የሚመልስ ገጽ ስለሌለው አይታይም። ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ወይም ነጠብጣብ ካዩ እዚያ ቦታ ዶልዱሟል። ካላዩ ሠላሳ ጊዜ በሸራው፣ ስድሳ ጊዜ በቆዳው በአዲሱ እጅዎ አመላልሰው ይላጩ። ሊያስገርምዎ ይችላል፤ የታጠፈ ብቻ የነበረ ስለት ብዙ ጊዜ ይቃናል። አሁንም ከነጨ ለባለሙያ ይላኩት። በጣም ደቃቅ በሆነ የማጠናቀቂያ ድንጋይ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ስለቱን በጥፍርዎ ላይ አይፈትኑት፤ ፈተናው ራሱ ያበላሸዋል። የክንድ ፀጉርን ቆዳ ሳይነካ ከላይ ከላይ ሲቆርጥ ማየት ይሻላል።

ድንጋዩን እርስዎ ራስዎ እንዲማሩት ለጊዜው አልመክርም። የምቃወመው ሙያውን አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ የሚሰጠኝ ሥራ የለም። ነገር ግን ሁለቱን አብረው ቢጀምሩ ምላጩ ሲነጭ ጥፋቱ ከድንጋዩ ይሁን ከቆዳው ማወቅ አይችሉም። በባለሙያ ተስሎ የመጣ ምላጭ እጅዎን የሚመዝኑበት ሚዛን ነው። በቆዳ ብቻ ለብዙ ወራት ማቆየት ሲችሉ ያኔ ስለ ድንጋይ እናወራለን። ቆዳው ላይ ስለሚቀቡት ነገሮችም እንደዚሁ ነው፤ አረንጓዴው የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት ጥሩ ነገር ነው፣ ነገር ግን እርሱ በእርግጥ ብረት ይበላል። ጀርባ የሚያነሣ እጅ በዚህ ቅባት ላይ ሲጨመር ስለቱ በእጥፍ ፍጥነት ይዶለዱማል። ወደፊት ሲጠቀሙበትም ለብቻው በተለየ ቁራጭ ላይ ይሁን እንጂ ዋናውን ቆዳ አይቀቡት፤ አንዴ ከተቀባ ንጹሕ አይሆንም።

እርስዎ ያላነሡት፣ እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ሌላ ነገር አለ። የብዙዎቻችን ጢም ጥቅልል ነው። የደነዘዘ ምላጭ ጥቅልሉን ፀጉር ጎትቶ ይቆርጠዋል፤ የተጎተተው ፀጉር ሲለቀቅ ከቆዳ በታች ይገባና ሲያድግ ተጠምዝዞ ሥጋ ይወጋል። አንገታችን ላይ የምናየው ጠቃጠቆና ሽፍታ በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለእኛ ስለቱ መለዘቡ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጢምዎን በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያርሱት፣ ወደ በቀለበት አቅጣጫ ብቻ ይላጩ፣ የፊትዎን ቆዳ ከልክ በላይ አይወጥሩት፣ እስከ ሥሩ ካልጠፋ አይበሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምላጩ የሚነጭ ከሆነ ግን ያቁሙና ያን ቀን በሌላ ይጨርሱ።

ምላጩንም ቆዳውንም ለማንም አያውሱ፤ ወንድምዎ ቢሆንም። በአንድ ምላጭ መላጨት በደም የሚተላለፉ እንደ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ያሉ በሽታዎችን ሊያሻግር ይችላል። ብረቱን ማፅዳት ይቻል ይሆናል፤ ቆዳው ግን ሊቀቀልም በመድኃኒት ሊነከርም አይችልም። እኔ ራሴ ለደንበኞቼ የምጠቀመው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ የሚገባበትን የሚጣል ምላጭ ነው። ሙሉውን ምላጭ የማመላልሰው ለራሴ ፊትና ለሚማሩ ልጆች ብቻ ነው።

ሁለቱን ሳምንት ጨርሰው ሲላጩ የምላጩ የትኛው ክፍል እንደሚነጭዎ አስተውለው ይጻፉልኝ። ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ ወይ በመስቀለኛው መጨረሻ ጫፉ ከቆዳው ቀድሞ እየወጣ ነው፣ ወይ አንገቱን የያዘው እጅዎ ዝቅ ብሎ ጫፉን እያነሣው ነው። ሥሩ ላይ ከሆነ ሲጀምሩ ሥሩን ከቆዳው ዳር ውጭ እያስቀመጡት ነው ወይም እጅዎ ከፍ ብሏል። በአንድ ጎን ብቻ ሻካራ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ መታጠፊያዎች አንዱ ላይ፣ ምናልባት ከሰውነትዎ በሚርቀው ላይ፣ ሳይቆሙ እየገለበጡ ነው።